ወባ ሊለውጠው የማይችለው ነገር

የወባን ተህዋሲ ባዮኬሚስትሪ ለጤና ተማሪዎች ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ አንድ ጥያቄ በየዓመቱ ከሌላ ተማሪ አፍ ይመጣል። ከወባ ተህዋሲዎች አደገኛው፣ ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም፣ ከ5,000 በላይ ጂኖች አሉት። በ2018 የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት ከ38,000 በላይ የተለያዩ ጂናቸው የተበላሸ ተህዋሲዎችን ፈጥሮ ሲፈትሽ፣ 2,680 ጂኖች ደም ውስጥ ለማደግ የግድ እንደሚያስፈልጉት አሳየ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ተማሪው ይህን ሰምቶ እጁን ያወጣል። «ተህዋሲው የሚገደልበት 2,680 ቦታ ካለ፣ ለምንድን ነው ጤና ጣቢያ ያሉት የወባ መድኃኒቶች በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩት?»

ጥያቄው ጥሩ ነው፤ አስቸኳይም ነው። ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ብቻ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ታማሚዎችና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። ወባን እያጠፋን ነው ብለን ስናወራ ከነበርንባቸው ዓመታት ብዙም ሳንርቅ ማለት ነው። የዚህ መመለስ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነቱ፣ መፈናቀሉ፣ የአየሩ መለዋወጥ፣ ከሌላ አህጉር መጥታ ከተማ ውስጥ የምትራባው የወባ ትንኝ፣ መድኃኒትና መመርመሪያ መክዳታቸው። የኔ ሙያ የሚመለከተው የመጨረሻውን ነው።

ለተማሪዎቹ የምሰጠው መልስ ከዓመት ዓመት እየጠራልኝ መጥቷል። አንድ ኢንዛይም ለተህዋሲው የግድ አስፈላጊ መሆኑ ብቻውን ብዙ አያራምደንም። ጥያቄው ተህዋሲው ያንን ነገር ሳይሞት ሊለውጠው ይችላል ወይ የሚለው ነው። ከዚያም ቀጥሎ፣ የቱ ሰውነት ውስጥ፣ የቱ የሕይወት ዘመኑ ላይ ነው አስፈላጊ የሆነው? የወባ መድኃኒቶች ታሪክ በእነዚህ ጥያቄዎች ሲነበብ ብዙ ነገር ይገለጣል።

ከሄሞግሎቢን ልጀምር፤ ምክንያቱም እስካሁን ካገኘናቸው መድኃኒቶች ትልልቆቹ የሚሠሩት እዚያ ነው።

ተህዋሲው ወደ ቀይ የደም ሕዋስ ሲገባ የሚያገኘው ቤት ከሞላ ጎደል በአንድ ፕሮቲን የታጨቀ ነው። ጎተራ ውስጥ እንደገባ ነቀዝ፣ በ48 ሰዓት ዕድሜው ከ60 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ሄሞግሎቢን ከውስጥ ሆኖ ይበላዋል። ሆዱ የምንለው አሲድ የሞላበት አንድ ከረጢት አለ፤ ፕሮቲኑን እዚያ እየቆራረጠ ወደ አሚኖ አሲድ ይለውጠዋል። ከተገኘው አሚኖ አሲድ ለራሱ የሚጠቀመው ጥቂቱን ነው፤ የቀረውን ወደ ውጭ ይጥለዋል። የሚገርመው ደግሞ የአዋቂ ሰው ሄሞግሎቢን ውስጥ አይዞሉሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ጨርሶ የለም። ስለዚህ ያን ሁሉ በልቶም አይዞሉሲንን ከደማችን ፈሳሽ መለመን አለበት።

ችግሩ የሚጀምረው ከተበላ በኋላ ነው። እያንዳንዱ ሄሞግሎቢን ብረት ያዘሉ አራት ሂሞች አሉት። ሂም ከፕሮቲኑ ተላቆ ነፃ ሲወጣ የሕዋስ ሽፋንን የሚያበላሽ መርዝ ነው። እኛ ሂምን የሚሰባብር ኢንዛይም አለን፤ ተህዋሲው የለውም። ያለው መላ አንድ ነው፤ ሂሙን እርስ በርሱ አያይዞ የማይሟሟ ክሪስታል አድርጎ ማከማቸት። ክሪስታሉ ሄሞዞይን ይባላል። በጊምሳ የተቀለመ ስላይድ ማይክሮስኮፕ ሥር አድርጎ ያየ የላብራቶሪ ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል፤ ተህዋሲው መካከል የሚታየው ቡናማ ወደ ጥቁር የሚያደላው ነጠብጣብ እሱ ነው። በ1880 አልጄሪያ፣ ኮንስታንቲን ከተማ ውስጥ ፈረንሳዊው የጦር ሐኪም አልፎንስ ላቬራን በታመመ ወታደር ደም ውስጥ ያንን ቀለም ሲከታተል ነው ቀለሙን የያዘው ነገር ሕይወት ያለው፣ የሚንቀሳቀስ መሆኑን ያየው። የወባ ተህዋሲ የታወቀው በቆሻሻው ተመርቶ ነው ማለት ይቻላል።

ክሎሮኪን የሚመታው ይህንኑ የማከማቸት ሥራ ነው። ጀርመን ውስጥ በ1934 የተቀመመው ይህ መድኃኒት የአሲዱ ከረጢት ውስጥ ገብቶ ይጠራቀማል፣ ሂሙ ላይ ይለጠፋል፣ ክሪስታሉን እንዳይሠራ ያግደዋል። ተህዋሲው በራሱ ምግብ መርዝ ይሞታል። ቆላ ዳር ያደግን ሰዎች ክሎሮኪንን በምሬቱና ሰውነት በማሳከኩ እናስታውሰዋለን፤ ማታ ማታ ጀርባውን ግድግዳ ላይ እያሸ የሚያድር ሰው ያላየ የለም። ያ ሁሉ ማሳከክ ያለበት መድኃኒት ግን ለብዙ አሥርተ ዓመታት ሕይወት አድኗል።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼን አቆማቸዋለሁ። ክሎሮኪን የያዘው ተህዋሲው የሠራውን ነገር ነው? አይደለም። ሂም የኛ ነው። ከሄሞግሎቢናችን የሚወጣውን ሂም ቅርፅ የሚወስን ጂን ተህዋሲው የለውም፤ ስለዚህ ፊደል ቀይሮ፣ ቅርፁን አጣሞ፣ መድኃኒቱ እንዳይለጠፍበት ማድረግ አይችልም። ኢንዛይም ቢሆን ኖሮ አንድ አሚኖ አሲድ በመለወጥ ብዙ ጊዜ ማምለጥ ይቻላል። ሂም ላይ ይህ መንገድ ዝግ ነው።

ታዲያ ክሎሮኪን እንዴት ተሸነፈ? ተህዋሲው ሂሙን መለወጥ ስላልቻለ በሩን ለወጠ። የአሲዱ ከረጢት ግድግዳ ላይ ያለ አንድ አመላላሽ ፕሮቲን፣ 76ኛው ቦታው ላይ ያለውን ላይሲን በትሪዮኒን ሲተካና ሌሎች ለውጦች ሲጨምር፣ ክሎሮኪንን ከከረጢቱ አውጥቶ መጣል ጀመረ። ይህ ቀላል አልነበረም። መድኃኒቱ በስፋት መሰጠት ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ ታይላንድና ካምቦዲያ ድንበር ላይና ኮሎምቢያ ውስጥ ነው የታየው። ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የገባው በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ የመጣውም ከእስያ ተሻግሮ ነው። እዚሁ በየመንደሩ በየጊዜው የሚወለድ ለውጥ አልነበረም።

ለውጡ ዋጋም አስከፍሎታል። ያ አመላላሽ ፕሮቲን ለተህዋሲው የሚሠራው የራሱ ሥራ አለው፤ ሲጣመም ሥራው ይጎዳል። የዚህ ትልቁ ማስረጃ ማላዊ ናት። ማላዊ በ1993 ክሎሮኪንን መስጠት አቆመች። ከ12 ዓመት ገደማ በኋላ በተደረገና በ2006 በታተመ ጥናት ክሎሮኪን እንደገና ተሞክሮ 99 በመቶ ሠራ። መድኃኒቱ ሲነሳ የተለወጠው ተህዋሲ ካልተለወጠው ጋር መወዳደር አቅቶት ጠፋ።

እኛ ዘንድ ግን እንደዚያ አልሆነም። ኢትዮጵያ በ1998 ለፋልሲፓረም ክሎሮኪንን ትታ ወደ ፋንሲዳር፣ በ2004 ደግሞ ወደ ኮአርተም ተሻግራለች። ሆኖም እኛ አገር ሌላው የወባ ተህዋሲ፣ ፕላዝሞዲየም ቫይቫክስም በብዛት አለ፤ ከወባ ታማሚዎቻችን ሲሶ ያህሉ የሱ ናቸው። ቫይቫክስ እስከ ዛሬ በክሎሮኪን ስለሚታከም መድኃኒቱ ከማኅበረሰቡ ደም ጨርሶ አልወጣም። ያ የ76ኛው ቦታ ለውጥ የኛ ፋልሲፓረም ውስጥ ክሎሮኪን ከተተወ ብዙ ዓመት ቆይቶም በስፋት የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለት ተህዋሲ ባለበት አገር ለአንዱ የሰጠነውን መድኃኒት ሌላው ያነበዋል። መመሪያ የሚጽፉ ሰዎች ይህንን ቢያስቡበት እወዳለሁ።

አርቴሚሲኒንም የሂም ልጅ ነው። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከጥንታዊ የአገሯ መድኃኒት ተክል አግኝታ በ2015 ኖቤል የተሸለመችበት ይህ ሞለኪውል በውስጡ ሁለት ኦክሲጂኖች የተያያዙበት ድልድይ አለው። ድልድዩ የሚሰበረው የሂም ብረት ሲያገኘው ነው። ሲሰበር በዙሪያው ያገኘውን ፕሮቲን ሁሉ እየነካካ ያበላሻል። ሄሞግሎቢን የማይበላ ሕዋስ ውስጥ ይህ እሳት ይህን ያህል አይቀጣጠልም፤ እኛን ብዙ ሳይጎዳ ተህዋሲውን የሚገድለው ለዚህ ነው። በሌላ አነጋገር መድኃኒቱን የሚያነቃው የተህዋሲው ሆዳምነት ነው።

ተህዋሲው ለዚህ ያገኘው መልስ ስለ ባዮኬሚስትሪ ብዙ አስተምሮኛል። ኬልች 13 የሚባለው ፕሮቲን ተህዋሲው ሄሞግሎቢንን ከዙሪያው ወደ ውስጥ በሚጎርስበት ቦታ ላይ ይሠራል። ይህ ፕሮቲን ሲለወጥ ተህዋሲው በወጣትነቱ የሚጎርሰው ይቀንሳል። ትንሽ ሲበላ ነፃ የሚወጣው ሂም ትንሽ ይሆናል፣ አርቴሚሲኒኑም በደንብ አይነቃም። ይህ በ2020 በግልጽ የታየ ነገር ነው። ተህዋሲው ሂምን መለወጥ አልቻለም፤ መጾም ግን ቻለ። መጾሙ ደግሞ ያዳክመዋል፣ ስለዚህ ሙሉ ማምለጫ አልሆነለትም። ከፊል መላመድ የምንለውም ይህንኑ ነው።

ይህ ሩቅ እስያ ያለ ወሬ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አላብራራውም ነበር። የኬልች 13 622ኛው ቦታ ላይ አርጂኒን በአይዞሉሲን የተተካበት ዓይነት መጀመሪያ ጥቂት ሆኖ ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። በ2023 ይፋ በሆነ ከአማራ፣ ከትግራይና ከጋምቤላ በተሰበሰበ ናሙና ላይ በተሠራ ጥናት ደግሞ 8 በመቶ ገደማ ደርሷል። ከነዚህም አንዳንዶቹ በፈጣን መመርመሪያ የማይታዩ ናቸው። ኮአርተም የሚሠራው በሁለት እግሩ ነው፤ የአርቴሚሲኒን ዘመድ በሆነው አርቴሜተርና በሉሜፋንትሪን። አርቴሜተር ሲደክም ክብደቱ ሁሉ ሉሜፋንትሪን ላይ ይወድቃል። ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ ወርዶ መድኃኒቱን ሁለት ቀን ወስዶ ሲሻለው የሚያቋርጥ የቀን ሠራተኛ አይፈረድበትም፤ ሥራ ካልገባ አይበላም። ግን የሉሜፋንትሪን ሸክም የሚከብደው እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

ፈጣን መመርመሪያውን ካነሳሁ አይቀር ከዚሁ ሐሳብ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር ልጨምር። ተህዋሲው ኃይል የሚያገኘው ስኳር በመሰባበር ነው፤ የተያዘ ቀይ የደም ሕዋስ ከጤናማው እስከ 100 እጥፍ የሚደርስ ስኳር ይጨርሳል። ስኳሩን እስከ መጨረሻው አያቃጥለውም፤ ወደ ላክቲክ አሲድ ለውጦ ይጥለዋል። ጠና ያለ ወባ የያዘው ሕፃን ስኳሩ ወርዶ፣ ደሙ አሲድ ሆኖ፣ ትንፋሹ ጠልቆ የሚመጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የዚህ ሥራ የመጨረሻው ኢንዛይም ላክቴት ዲሃይድሮጂኔዝ ይባላል። መመርመሪያዎቻችን ለረጅም ጊዜ የሚፈልጉት ግን ይህንን ሳይሆን ኤችአርፒ2 የሚባለውን ሌላ ፕሮቲን ነበር። ኤችአርፒ2 ብዙ ስለሚመረት ለመለየት ይቀላል፤ ለተህዋሲው ሕይወት ግን የግድ አይደለም። ስለዚህ ኤርትራና ኢትዮጵያ ውስጥ ጂኑን ጨርሶ ጥሎት የሚኖር ተህዋሲ በዛ። መመርመሪያው «ወባ የለብህም» ይላል፣ ሰውየው ወባ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ላክቴት ዲሃይድሮጂኔዝን ግን ሊጥለው አይችልም፤ ከጣለው ይራባል። መመርመሪያን ከሜታቦሊዝም አካል ጋር ማሰር ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

አሁን ወደ ሌላኛው ዓይነት ልሂድ፤ ተህዋሲው ራሱ የሠራቸውን ኢንዛይሞች ወደሚመቱ መድኃኒቶች። እነዚህ መጽሐፍ ላይ በጣም ያምራሉ።

ፋንሲዳር ሰልፋዶክሲንና ፒሪሜታሚን የተጣመሩበት ነው፤ ዲኤንኤ ለመሥራት የሚያስፈልገው ፎሌት የሚሠራበትን ሂደት ሁለት ቦታ ላይ ይዘጋል። ሰልፋዶክሲን የሚዘጋው ኢንዛይም ሰው ውስጥ ጨርሶ የለም፤ እኛ ፎሌትን ከጎመንና ከጥራጥሬ እናገኘዋለን። ፒሪሜታሚን የሚዘጋው ኢንዛይም እኛም ውስጥ አለ፤ ግን መድኃኒቱ የተህዋሲውን በብዙ እጥፍ አጥብቆ ይይዘዋል። በወረቀት ላይ ከዚህ የበለጠ ዒላማ አይገኝም። እኛ አገር ፋንሲዳር ለፋልሲፓረም ዋና መድኃኒት ሆኖ የቆየው ስድስት ዓመት ብቻ ነው። ኢንዛይሙ የተህዋሲው ነው፣ ጂኑ የተህዋሲው ነው፤ 108ኛው ቦታ ላይ ሴሪንን በአስፓራጂን ተካ፣ ከዚያ 51ኛውን፣ ከዚያ 59ኛውን፤ ኢንዛይሙ እየሠራ መድኃኒቱ ተንሸራተተ።

የተህዋሲውን ማይቶኮንድሪያ የሚመታው አቶቫኮን የተባለ መድኃኒትም እንዲሁ። የደም ውስጥ ተህዋሲ ማይቶኮንድሪያውን የሚጠቀምበት መንገድ በጣም የሚደንቀኝ ነገር ነው። እኛ ማይቶኮንድሪያን የያዝነው ኃይል ለማምረት ነው። በ2007 የወጣ ሥራ እንዳሳየው ግን ደም ውስጥ ያለው ፋልሲፓረም የኤሌክትሮን ሰንሰለቱን የሚያስፈልገው ከሞላ ጎደል ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፒሪሚዲን ለሚሠራ አንድ ኢንዛይም ኤሌክትሮን የሚቀበል ሞለኪውል እንዲታደስለት። ተህዋሲው ፒሪሚዲንን ከኛ መውሰድ አይችልም፣ ራሱ ከመጀመሪያው መሥራት አለበት፤ ያለ ፒሪሚዲን ደግሞ ዲኤንኤ የለም። ተመራማሪዎቹ ያንን ሞለኪውል የማይፈልግ ተመሳሳይ ኢንዛይም ከእርሾ አምጥተው ሲሰጡት፣ ተህዋሲው አቶቫኮን እየተሰጠው እንኳ ኖረ። ሌላውን የዲኤንኤ መሥሪያ፣ ፒዩሪንን በተመለከተ ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ እሱን ራሱ መሥራት አይችልም፣ ከኛ ይሰርቃል። አንዱን መሥራት ብቻ፣ ሌላውን መስረቅ ብቻ። ይህንን ለተማሪ ሳስረዳ ሁሌም ደስ ይለኛል።

ሆኖም አቶቫኮን ብቻውን ሲሰጥ ከታማሚዎቹ ሲሶ ገደማ ላይ በሽታው ተመልሶ መጣ። አቶቫኮን የሚይዘው የኤሌክትሮን ሰንሰለቱ ፕሮቲን፣ ሳይቶክሮም ቢ ላይ አንድ ፊደል መለወጥ ይበቃዋል። ፒሪሚዲን የሚሠራውን ኢንዛይም በቀጥታ የሚመታው ዲኤስኤም265 የተባለ መድኃኒትም ፔሩ ውስጥ ሲሞከር፣ በሽታው በተመለሰባቸው አንዳንድ ሰዎች ላይ ኢንዛይሙ ተለውጦ ተገኘ። እዚህ ላይ ግን አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። አቶቫኮንን ያመለጠው ተህዋሲ ሰው ደም ውስጥ በሰላም ቢኖርም ትንኝ ውስጥ ሲገባ ይከሽፋል። ትንኝ ውስጥ ስኳር እንደ ልብ አይገኝም፤ ማይቶኮንድሪያው ሙሉ ሥራውን መሥራት አለበት፣ የተጣመመው ሳይቶክሮም ደግሞ ያንን አይችልም። በ2016 የታተመው ይህ ግኝት በእንስሳት ወባና በትንኝ ላይ በተሠራ ሥራ የተደገፈ ነው። ተህዋሲው አንድ ቤት ውስጥ ያመለጠበት ለውጥ ሌላ ቤት ውስጥ ይገድለዋል። ለዚህ ነው «የግድ አስፈላጊ» የሚለውን ቃል የት እና መቼ ሳይባል መጠቀም የማልወደው።

ይህንን ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ አፒኮፕላስት ነው።

የወባ ተህዋሲ በሩቅ ዘመን ቀይ አልጌ የዋጠ ፍጡር ዘር ነው። የዚያ አልጌ ቅሪት እስከ ዛሬ በውስጡ አለ፤ አራት ሽፋን ያለው፣ 35 ሺህ ያህል ፊደል ያለው የራሱ ዲኤንኤ የያዘ፣ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ መሥራት ከተወ ዘመን የቆጠረ ትንሽ አካል። ምንነቱ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲታወቅ የመድኃኒት ተመራማሪዎች ደስታ ልክ አልነበረውም። ሰው ውስጥ አልጌ የለም። አልጌውን ብንመታ እኛን የሚነካን ነገር የለም ተባለ።

መጀመሪያ የተመረጠው ቅባት የሚሠራው ሂደት ነበር። ሳሙናና የጥርስ ሳሙና ውስጥ ይገባ የነበረው ትሪክሎሳን የዚህን ሂደት አንድ ኢንዛይም ዘግቶ ተህዋሲውን ይገድላል የሚል ሥራ በ2001 ወጣ። ብዙ ላብራቶሪዎች፣ ብዙ ገንዘብ፣ ብዙ የዶክትሬት ተማሪዎች በዚህ ላይ ዘመቱ። በ2008 እና በ2009 ግን የሂደቱ ጂኖች አንድ በአንድ ሲጠፉ ደም ውስጥ ያለው ተህዋሲ ምንም አልሆነም። ቅባቱን ከኛ ደም እየወሰደ ይኖር ነበር። ትሪክሎሳን የገደለው በሌላ መንገድ ነበር ማለት ነው። ሂደቱ የሚያስፈልገው ተህዋሲው ከጉበት ለመውጣት ሲቃረብ ነው። ታማሚ ጤና ጣቢያ ሲደርስ ደግሞ ያ ጊዜ አልፏል።

እኔ ይህንን ታሪክ ውድቀት አድርጌ አልተርከውም። ስለ ተህዋሲው እውነት ነግሮናል። በዚያ ላይ መልሱ ከዚያው አካል መጣ። በ2011 ሁለት ተመራማሪዎች በጣም ቀላል ጥያቄ ጠየቁ፤ አፒኮፕላስቱ ደም ውስጥ ምን ብቻ ነው የሚሰጠው? አይፒፒ የምትባለውን አንዲት ትንሽ ሞለኪውል ከውጭ እየመገቡት አፒኮፕላስቱን በአንቲባዮቲክ ጨርሰው አጠፉበት። ተህዋሲው ያለ አፒኮፕላስት ኖረ። አይፒፒዋን ሲነፍጉት ሞተ። ያ ሁሉ ሽፋን፣ ያ ሁሉ ዲኤንኤ፣ ከዋናው ሕዋስ የሚላኩለት በመቶዎች የሚቆጠሩ ፕሮቲኖች፣ ደም ውስጥ የሚያስፈልጉት ለአንዲት ሞለኪውል ነው።

አይፒፒን የሚሠራው ሂደት ሰው ውስጥ የለም፤ እኛ ያንኑ ሞለኪውል በሌላ መንገድ እንሠራዋለን። ፎስሚዶማይሲን ይህንን ሂደት ይዘጋል። ጋቦንና ታይላንድ ውስጥ ተሞክሮ ትኩሳቱን በፍጥነት አወረደ፤ ግን ከሰውነት ቶሎ ስለሚወጣ በብዙዎች ላይ በሽታው ተመለሰ። ዶክሲሳይክሊን ደግሞ የአፒኮፕላስቱን ፕሮቲን ፋብሪካ ይመታል፤ አስገራሚው የመጀመሪያው ትውልድ ምንም ሳይሆን ልጆቹ መሞታቸው ነው። ለዚህ ነው ለመከላከያና ለአጋዥነት እንጂ ለተኛ ታማሚ ብቻውን የማይሰጠው።

ከአዳዲሶቹ መካከል ወደኛ የቀረበውን አንድ ላንሳ። ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በኬሊ ቺባሌ የሚመራው ቡድን ያገኘው ኤምኤምቪ390048 የተህዋሲውን ፒአይ4 ካይኔዝ የሚባል የቅባት ኢንዛይም ይመታል። ኢንዛይሙ ጉበት ውስጥም፣ ደም ውስጥም፣ ወደ ትንኝ በሚሻገርበት ጊዜም ያስፈልጋል። እንዲህ ዓይነት ዒላማ እምብዛም አይገኝም። መድኃኒቱ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ በፋልሲፓረምም በቫይቫክስም ታማሚዎች ላይ ተሞክሯል። በኋላ በእንስሳት ላይ በታየ የደህንነት ችግር ሥራው ቆመ። አፍሪካ ውስጥ ተፀንሶ አፍሪካ ውስጥ እስከ ታማሚ አልጋ የደረሰ ሞለኪውል መሆኑ ግን ተማሪዎቼ ስሙን እንዲያውቁት የምፈልገው ነገር ነው።

በ2025 መጨረሻ ደግሞ ጋናፕላሳይድ የተባለ አዲስ መድኃኒት ከሉሜፋንትሪን ጋር ተጣምሮ በአፍሪካ አገሮች በተደረገ ትልቅ ሙከራ ከኮአርተም እንደማያንስ ኖቫርቲስ አስታውቋል። ይህ መድኃኒት የተገኘው ኢንዛይም ተመርጦለት አይደለም፤ እጅግ ብዙ ሞለኪውሎች ሕይወት ባለው ተህዋሲ ላይ ተሞክረው ከመካከላቸው የወጣ የሞለኪውል ቤተሰብ ነው። ሂደትን አጥንቶ ዒላማ መምረጥን ለምወድ ለእኔ ይህንን መቀበል መጀመሪያ ከብዶኝ ነበር። አሁን ሁለቱ ተደጋግፈው ቢሄዱ ይሻላል ባይ ነኝ፤ መጀመሪያ የሚገድለውን ማግኘት፣ ከዚያ እንዴት እንደሚገድል ተከታትሎ የሚያመልጥበትን መንገድ አስቀድሞ ማወቅ።

እስካሁን የነገርኳችሁ ከሞላ ጎደል ሁሉም የፋልሲፓረም ታሪክ ነው። ለዚህ ምክንያት አለው። ፋልሲፓረምን በ1976 ኒው ዮርክ ውስጥ ትሬገርና ጄንሰን ላብራቶሪ ውስጥ ያለማቋረጥ ማሳደግ ቻሉ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው እውቀት ሁሉ በዚያ ብልቃጥ ላይ ቆሟል። ቫይቫክስን እንደዚያ ማሳደግ አልተቻለም። ከታማሚ የተወሰደው አንድ ዙር ያህል ያድግና ያልቃል። ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ የሚነሳው የቫይቫክስ ዓይነት ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ እምብዛም የማይበላ፣ የማይባዛ፣ የምንመታው ሥራ የማይሠራ ሕዋስ ነው። እሱን የሚያጠፉልን ፕሪማኪንና ዘመዱ ታፌኖኪን ብቻ ናቸው። ፕሪማኪንም የሚሠራው የኛው ጉበት ኢንዛይም ከለወጠው በኋላ ነው፤ ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም በሚያንሳቸው ሰዎች ላይ ደግሞ የራሳቸውን ደም ያፈርሳል።

ቫይቫክስ የሚኖረው ገና ከመቅኒ በወጣ ወጣት ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ነው። ይህ ሕዋስ እንደ አሮጌው ባዶ አይደለም፤ የራሱ የኬሚካል ሥራ ገና አልቆመም፣ ውስጡ በብዙ ዓይነት ንጥረ ነገር የተሞላ ነው። በ2015 የታተመ በአይጥ ወባ ላይ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው፣ ተህዋሲው በአሮጌ ሕዋስ ውስጥ ያለ እነሱ መኖር የሚያቅተው አንዳንድ የሜታቦሊዝም ጂኖች በወጣት ሕዋስ ውስጥ ሲሆን ቢጎድሉትም ይኖራል፤ የጎደለውን ከቤቱ ይወስዳል። እንግዲህ ያ የ2,680 ጂኖች ዝርዝር የተሠራው ፋልሲፓረም በብልቃጥ ውስጥ፣ በአብዛኛው በአሮጌ ሕዋስ ላይ ሲያድግ ነው። ከዝርዝሩ ስንቱ ለቫይቫክስ ይሠራል? ይህንን መመርመር የሚቻለው ታማሚው ባለበት ነው፤ ደሙ በተወሰደ ሰዓታት ውስጥ፣ ተህዋሲው ሳያልቅ። አፍሪካ ውስጥ ቫይቫክስ እንደ እኛ የበዛበት አገር ጥቂት ነው። አዳማ፣ አርባ ምንጭ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር አካባቢ ካሉ ጤና ጣቢያዎች በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ አለ። የሚያስፈልገው ናሙናውን እዚያው የሚያሳድግ ኢንኩቤተር፣ ነጭ የደም ሕዋሱን የሚለይ ማጣሪያ፣ የማይቋረጥ መብራትና በመኸር ወራት ከላብራቶሪ የማይርቁ ሁለት ሦስት ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው ሙከራም ውድ መሆን የለበትም፤ ፒሪሚዲን የሚሠራውን ኢንዛይም የሚዘጋ ሞለኪውል ወስዶ፣ በአንድ ሳምንት ከአንድ ጤና ጣቢያ በተወሰደ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ ላይ ጎን ለጎን መሞከርና ልዩነቱን መቁጠር ነው።